ማን ከማን ጋር ይዋኝ?

በየከተማው ማን ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለበት የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ከንቲባ የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ መብራትና ውሃ የሌለውም አይቻለሁ፤ ይህ ሰው የሌለበት ከተማ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰርግ ድንኳን ገብታችሁ ገና ወንበር ሳትስቡ ክርናችሁን ይይዝና «እዚያ አይሁን፣ እዚህ» ይላል። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ልትቀመጡ ስትሉ በዓይኑ ወደ ሌላ ጥግ ይመራችኋል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እሱ ተሳፋሪ ያደላድላል። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ደግሞ ሊሽረው አይችልም።

የወልድያው ጋሽ ዛኪር ናቸው። ማዕረጋቸው በሙሉ ይጠራ ከተባለ፣ ክቡር ጋሽ ዛኪር፣ የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ የፀባይ ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ። የሹመት ደብዳቤው ገና አልደረሰም እንጂ ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል።

ሱቃቸው ከመናኸሪያ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግማሹ ፍሪጅ መጠገኛ ነው፤ ግማሹ የዓሣ ቤት፤ መኖሪያቸውም ከኋላው ነው። የሚበላ ዓሣ አይደለም። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ፣ ለዓይን የሚሆን ዓሣ ነው። ጋሽ ዛኪር በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ፍሪጅ ሲጠግኑ የእንግዳ መቀበያውን ትልቅ ገንዳ የሚንከባከበው ሰው ሥራውን ለቀቀ፤ እሳቸውም «እስኪ አንተ እየው» ተባሉ። አዩት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላዩም ማለት ይቻላል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመስኮት መስታወት በሲሊኮን እያጣበቁ ገንዳ መሥራት ጀመሩ። ዓሣውን አየር በተሞላ ፌስታል አድርገው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ በአውቶቡስ ያመጡት ነበር። በየኬላው የሚፈትሹ ፖሊሶች ያውቋቸዋል። «ዛሬስ ማን ማን አለ?» ይሏቸዋል።

ከጋሽ ዛኪር ዓሣ ለመግዛት ብር ይዞ መምጣት አይበቃም። ትጠየቃላችሁ። ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ? መስታወት ይደበድባሉ? ገንዳው ውስጥ ከዚህ በፊት ማን አለ? እሱስ ምን ዓይነት ነው፤ ፈጥኖ ነው የሚበላው ወይስ ቆይቶ? ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም። መልሱ ካላማራቸው እጃቸውን ጠራርገው ወደ ፍሪጃቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን የካፌ ባለቤቷ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ገቡ።

«ጋሽ ዛኪር፣ ከቀዩ ይስጡኝ፣ ከሰማያዊውም፤ ያንን ትልቁንም ይጨምሩልኝ።»

«ወይዘሮ ሙሉወርቅ፣ ዓሣ ነው የሚገዙት ወይስ መጋረጃ?»

«ለካፌው ማድመቂያ ነዋ!»

«ፀባይ ይቅደም፣ ቀለም ይከተል!» አሉ ጋሽ ዛኪር ጣታቸውን አንሥተው። ይህ የቤቱ መፈክር ነው። ከዚያ ትምህርቱ ጀመረ። «ይቺ ጅራተ ረጅሟ ጋፒ ትባላለች። ጨዋታ ወዳድ ናት፣ ማንንም አትነካም። ይሄ ቤታ ነው፤ ረጅም ጅራት ያየ እንደሆነ ባላንጣዬ መጣ ብሎ ይነሣል። ባለመስመሩ ባርብ ደግሞ ብቻውን ሲሆን የሌላ ጅራት ይነክሳል፤ ስድስት ሰባት ሆኖ ሲኖር ግን ከመሰሎቹ ጋር ይሯሯጣል እንጂ ሌላውን እምብዛም አይነካም። ትልቁ ኦስካር ነው። ክፉ አይምሰልዎት። አፉ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ምግብ ይመስለዋል፣ ሌላ ነገር የለበትም።»

«ታዲያ ክፉ ማለት ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ነው?»

«በክፋት አይደለም፣ በፀባይ ነው።» ይህ ደግሞ ሁለተኛው መፈክር ነው።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ተቆጥተው ወጡ፤ ሌላ ቦታ ሰው ልከው የፈለጉትን ቀለም ሁሉ አስመጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ካፌው ገንዳ ውስጥ አንድ ወፍራም ኦስካር ብቻውን ይንሸራሸር ነበር። ጋሽ ዛኪር ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ፤ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡና «አሏህ ያጥናዎት» አሉ። ሻይ ሊጠጡ የገቡ ሰዎች ሞት ያለ መስሏቸው አንድ ሁለት እያሉ ከንፈር መምጠጥ ጀመሩ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ለብዙ ጊዜ አላናገሯቸውም።

ከሁሉም የማደንቅላቸው የድንጋይ ዘዴያቸውን ነው። ገንዳ ውስጥ የቆየ ዓሣ የኔ የሚለው ጥግ አለው። እንግዳ ሲገባበት ይዋጋል። ስለዚህ ጋሽ ዛኪር አዲስ ዓሣ ከማስገባታቸው በፊት ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ቅጠሉን ሁሉ ያዘዋውራሉ። ነባሩም ቦታው ይጠፋበታል። «ሁሉም እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ባለቤት ከሌለ ጠብ የለም» ይላሉ። ልጃቸው ናጅዋን አግብቶ ያመጣ ጊዜ ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት የቤቱን ዕቃ በሙሉ አዘዋወሩት። አልጋው ሳሎን፣ ሳሎኑ ጓዳ። ባለቤታቸው ቡርቱካን ዛሬም ድረስ ይህን ሲያነሡ ይስቃሉ፤ «በገዛ ቤቴ ማማሰያ የት እንዳለ ምራቴን ጠየቅኳት፤ እሷም አታውቅም፤ አብረን ስንፈልግ ዋልን፤ በዚያው ተዋደድን።»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ዛኪር ዓሣና ሰው አይለዩም። ቤት አከራዮች ተከራይ ከመቀበላቸው በፊት ያማክሯቸዋል። የሚጋቡ ልጆች ቤተሰብ «እስኪ አንድ ጊዜ ይዩልን» ብሎ ይልክባቸዋል። አንድ ሰርግ ላይ በድንበር የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ሳይታሰብ አንድ ጠረጴዛ ደረሳቸው። ጋሽ ዛኪር እየሮጡ ሄደው በመካከላቸው ጆሮአቸው የማይሰማ አንድ አዛውንት አስቀመጡ። ሁለቱ ባለጋራዎች እስኪመሽ ድረስ የልባቸውን ለሽማግሌው ሲነግሩ ዋሉ፤ ሽማግሌው ለሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሰርጉ በሰላም አለቀ።

እኔንም መርምረውኛል። «አንተ ጌትነት፣ መስታወት እየላሰ ከታች የሚኖረው ዓሣ ነህ። ከማንም ጋር ትሆናለህ። ቢያጡህ አያስተውሉም፣ ግን ገንዳው ይቆሽሻል።» ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን መርሳ ሲደርስ ይቆማል።

መርሳ ታናሽ ወንድማቸው አብዱልሐሊም ከባለቤታቸው ከነኢማ ጋር ይኖሩ ነበር። ብርቱካንና ማንጎ ያለማሉ። አብዱልሐሊም ያሰቡትን በጩኸት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሲናደዱ ቆባቸውን መሬት ይመታሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ቆቡን አራግፈው አድርገው «ምሳ እንብላ» ይላሉ። ጋሽ ዛኪር ደግሞ በሕይወታቸው ከማንም ጋር ተጣልተው አያውቁም። ይነሣሉ። ድምፅ ከፍ ያለ ሲመስላቸው ቀስ ብለው ይነሡና ኮታቸውን ከወንበር አንሥተው ደህና ሁኑ ብለው ይወጣሉ። አንድ የአረፋ በዓል አብዱልሐሊም ለጨዋታ ያህል «አንተ የማይበላ ዓሣ ቀላቢ! ዓሣህ እንኳ ካንተ ይሻላል፣ አፉን ይከፍታል!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ዛኪር ተነሡ። ከዚያ በኋላ መርሳ አልሄዱም።

«ወላሂ፣ ከአብዱ ጋር አንድም ጠብ የለንም» ይሉኝ ነበር። «ሁለት ገንዳ ሆነን ነው። ሁለት ገንዳ የሆነ ነገር አይጣላም።»

በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለአባጋሮች ይደርሳል፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚያስታርቁ፣ ደም እንኳ የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። መጡ። ዱዓ ተደረገ። ከዚያ እንደ ወጉ በደል ተጠየቀ።

«ዛኪር፣ ወንድምህ ምን በደለህ?»

«ምንም።»

«አንተስ ምን በደልከው?»

«ምንም።»

«ታዲያ እኛን ምን አመጣን?»

«ፀባያችን አይገጥምም፤ ይኸው ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የነፍስ ነገር ይዘው የመጡ ሰዎችን አስታርቀው ያውቃሉ፤ በደል የሌለው ጠብ ግን ከየት ይያዛል? አንደኛው ከዘራቸውን አንሥተው «በድያለሁ ብትል በካሣ በጨረስነው፤ ተበድያለሁ ብትልም በጨረስነው። አልተጣላንም ያለ ሰው ግን በምን ይታረቃል?» አሉ። ያለ እርቅ ተነሥተው ሄዱ። በአካባቢያችን እንዲህ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ጋሽ ዛኪር በማሸነፋቸው ተደስተው ነበር።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። ከተማዋ ተያዘች። መብራት ጠፋ፣ የቧንቧ ውሃ ቆመ፣ ስልክ ዝም አለ፣ መንገዱ ተዘጋ። የቻለ ወደ ደሴ ወጣ። ያልቻለ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

የዓሣዎቹ የአየር ሞተር በመብራት ነው የሚሠራው። ሲቆም ጋሽ ዛኪር የየገንዳውን ውሃ የሚለውጡበት ሌላ ውሃ ስላልነበራቸው ያላቸውን በአንድ ሰፊ ገንዳ ገለበጡና ዓሣዎቹን በመረብ እየቀዱ መጨመር ጀመሩ። ጋፒዎቹ፣ ባርቦቹ፣ ቤታው፣ ኦስካሩ።

«ጋሽ ዛኪር፣ ሁሉንም?» አልኩ።

«ሁሉንም።»

«ፀባዩስ?»

«ዝም በል፣ ጌትነት።»

በማግሥቱ ጠዋት እልቂት እናያለን ብለን ነበር የገባነው። ሁሉም አሉ። አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ከውሃው ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የጋፒዋ ጅራት ባርቡ አፍንጫ ላይ ይውለበለባል፣ አይነካትም። ትንንሾቹ በኦስካሩ አፍ ፊት ያልፋሉ፣ አይውጣቸውም። ቤታው እንኳ ክንፉን አጥፎ ቆሟል።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ቡርቱካን። «ታረቁ እኮ! መከራ ሲመጣ እንስሳው እንኳ ይታረቃል፣ ሰው ብቻ ነው የማይማረው።»

እኔም ልቤ ተነካ። ለመጻፍ የሚሆን ነገር አገኘሁ ብዬ አረፍተ ነገሩን ማሳመር ጀምሬ ነበር። ጋሽ ዛኪር ግን ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልታረቁም። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። መናከስ አቅም ይፈልጋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ በርጩማና አንድ ጆግ ይዘው ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። ውሃውን በጆግ ይቀዳሉ፣ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆረቁሩታል፤ አየር እንዲገባበት። ከጠዋት እስኪጨልም። ከሩቅ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲመጣ እጃቸው ይቆማል፤ ሲያልፍ ይቀጥላል። ክረምት ስለነበረ ከጣሪያው የወረደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ይዘው ለጎረቤት ካካፈሉ በኋላ የቀረውን ለገንዳው ያደርጋሉ። ቢሆንም «ሰው ጭንቅ ላይ እያለ ዛኪር ዓሣ ያስተነፍሳል» ያለ አልጠፋም። እሳቸው ጆጉን ደግመው ይቀዱ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ሲደበድቡ ሰምቼ በድንጋጤ ሮጥኩ። ጋሽ ዛኪር ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

«ነከሳት! አልሐምዱሊላህ! ጌትነት፣ ና እይ፣ ባርቡ ጋፒዋን ነከሳት!»

እውነትም ከጅራቷ ቁራጭ ጎድሏል። እንዲያ ሲደሰቱ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። «መናከስ ጀመሩ ማለት መተንፈስ ጀመሩ ማለት ነው» አሉ። ጋፒዋ ብትጠየቅ የተለየ አስተያየት ሳይኖራት አይቀርም።

በጥቅምት ታደለች የምትባል ጎረቤታችን ከግራና ተመለሰች። እናቷ እዚያ ስላሉ፣ መኪና ባይኖርም፣ በስሪንቃ አድርጋ በእግሯ ትመላለስ ነበር። ብዙ ሴቶች እንዲያ ያደርጉ ነበር፤ አስፈሪ ነው፣ ግን ይደረሳል። መርሳ ስታልፍ ነኢማ መንገድ ላይ ይዘዋታል።

«ጋሽ ዛኪር፣ ወንድምዎ ስኳሩ ተነሥቶባቸዋል» አለች። «ኪኒናቸው አልቋል። ‹ዛኪርን በዓይኔ ልየው› ብለዋል። ከነገ ወዲያ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ አብረን እንውጣ።»

ጋሽ ዛኪር ጆጉን አስቀመጡ። በዚያው ቀን ባለቤቷ ከሞቱባት ጎረቤት የተረፈ የስኳር ኪኒን ለምነው አገኙ። በፌስታል ጠቀለሉት፣ በሌላ ፌስታል ደግመው ጠቀለሉት። ከዚያ ለታደለች ሰጧት።

«አይሄዱም?» አሉ ቡርቱካን። «ኧረ በአሏህ! ወንድምዎ ነው የጠራዎት።»

«የታመመ ዓሣ ዘንድ ሌላ ወንድ አይጨመርም» አሉ ጋሽ ዛኪር። «እኔን ሲያይ ይጮሃል። ሲጮህ ስኳሩ ይወጣል። ብቻውን ይረፍ። መንገዱ ሲከፈት፣ ሲሻለው፣ ያኔ እሄዳለሁ ኢንሻአላህ።»

«እሳቸው እኮ የሚጮኹት እርስዎ ስለማይመጡ ነው» አለች ታደለች።

ጋሽ ዛኪር ከበርጩማው ተነሡ። ኮታቸውን አነሡ። የገዛ ቤታቸው ስለሆነ ግን የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ ኮቱን ይዘው ትንሽ ቆሙና መልሰው ሰቀሉት።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስለ ባርቡ የገባቸው ነገር ስለ አብዱልሐሊም አልገባቸውም። ዓሣ ሲሆን ዓይናቸውን ያምናሉ፤ ሰው ሲሆን ደንባቸውን። ፍርሃት ነው የሚል ሰው አለ። አይደለም። መንገዱን አልፈሩም። ወንድማቸውን ላለመጉዳት፣ በሚያውቁት ሁሉ ተጠንቅቀው፣ ቤታቸው ቀሩ።

በታኅሣሥ ከተማዋ ነፃ ወጣች። ወደ መርሳ መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር ጋሽ ዛኪር ሱቄ በር ላይ ኮታቸውን ለብሰው ቆሙ። አብሬያቸው ሄድኩ። መንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪናዎች አሉ፤ እሳቸው አላዩዋቸውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ከጮኸ ዝም እላለሁ» አሉኝ በመጨረሻ። «ይጩህ። ዛሬ አልነሣም። ጨርሶ ምሳ እንብላ እስኪል እጠብቃለሁ።»

በሩን ነኢማ ከፈቱ። አዩን። ሰላምታ አልሰጡንም።

«አሁን መጡ?» አሉ። «ሐሊም ኅዳር ላይ ሄደ። አፈር ከለበሰ ቆየ።»

ጋሽ ዛኪር «ኢንና ሊላሂ» ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። ግቢው ውስጥ ብርቱካኑ ሳይለቀም ከዛፉ ሥር ረግፏል።

«ኪኒኑ... ኪኒኑ አልደረሰም?»

«ደርሷል! ኪኒን መች ጠፋ! በሱ ሰነበተ። በር በተንኳኳ ቁጥር ‹ዛኪር ነው፣ ክፈቺ› ይላል። ነፋስ በሩን ሲነካው ‹ክፈቺ› ይላል። ኪኒን ይላኩልኝ አለ? እርስዎን ነው የጠራው! አያፍሩም? ሽበትዎን አያፍሩም? እርስዎ ሰው ነዎት ወይስ እንደዚያ ዓሣዎ ደምዎ ቀዝቃዛ ነው?»

በአንቱታ እንዲህ ሲሰደብ ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። ከአንተታ ይልቅ አጥንት ይሰብራል። እኔ የጋሽ ዛኪርን እግር አየሁ፤ አሁን ይነሣሉ፣ ይወጣሉ ብዬ። አልተንቀሳቀሱም።

«እንዳላስቆጣው ብዬ ነው» አሉ።

«ይቆጣ! ቁጣ መች ገደለው!»

ያን ጊዜ ጋሽ ዛኪር ጮኹ። በወልድያ ኖሮ የእሳቸውን ጩኸት የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። «አንቺስ!» አሉ፤ «አንቺስ ደግመሽ ለምን አላስጠራሽኝም! አንድ ጊዜ ተጠርቼ ብቀር ሁለት ጊዜ አይጠራም? እየጎተትሽ አታስመጪኝም ነበር?» ቆባቸውን ከራሳቸው አውርደው መሬት መቱት።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ አዛውንት በመካከላቸው ገብተው «ተዉ፣ የሐዘን ቤት ነው፣ እንዲህ አይሆንም» አሉ።

«ይተዉን!» አሉ ነኢማ። «ገና አሁን መምጣታቸው ነው!»

ጋሽ ዛኪር እንደገና ጮኹ። ምን እንዳሉ ትዝ አይለኝም፤ ትርጉምም አልነበረውም። ነኢማ ግን ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ድምፁ» አሉ ቀስ ብለው። «የሐሊም ድምፅ ነው። እስኪ ይድገሙት።»

ጋሽ ዛኪር ሊደግሙት ሞከሩ፤ አልወጣላቸውም። እዚያው ብርቱካኑ መሐል ተቀምጠው አለቀሱ።

ስንወጣ ነኢማ እስከ በሩ ሸኙን። «ጁምዓ ይመለሱ» አሉ። «ገና አልጨረስኩም።»

ወልድያ መብራቱም ውሃውም ተመልሷል። የጋሽ ዛኪር ሱቅ ተከፍቷል፤ ዓሣውን አሁን ለጠየቀ ሁሉ ይሸጣሉ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ በአንድ ገንዳ ውስጥ ስድስት ዓይነት ቀለም አስገብተው ሲያሳዩአቸው «ያምራል» አሉ። ሰርግ ላይ ከገቡ ባገኙት ወንበር ይቀመጣሉ። እኛም እንደ መጣልን እንቀመጣለን። ሁለት ሰርግ ላይ ጠብ ተነሥቷል። ሙሽራው ደንግጦ ወደ እሳቸው ሲያይ «ይጨርሱ» አሉት። ከተማዋ የፀባይ ጠባቂዋን አጥታለች፤ ያንን ስንስቅበት የኖርነውን ጣልቃ ገብነት በየድንኳኑ እንፈልገዋለን።

ዓርብ ዓርብ መርሳ ይሄዳሉ። ወንድማቸው በሰገዱበት መስጊድ ጁምዓ ሰግደው ነኢማ ቤት ምሳ ይበላሉ፣ ይጣላሉ። ስለ ብርቱካኑ ውሃ፣ ስለ ግቢው አጥር፣ ስለ ሟቹ ግትርነት፤ ከሁለቱ ማን የበለጠ ያውቃቸው እንደነበረ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። መርሳ ጉዳይ አለኝ እላለሁ። የለኝም።

ባለፈው ዓርብ ነኢማ ዝም አሉ። በሩን ከፈቱ፣ «ግቡ» አሉ፣ ምንጣፉን ዘረጉ። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ እንደ ሁልጊዜው ምስር ወጥ በዘይት ሠርተዋል። አቀረቡና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ዓይናቸው ሩቅ ነበር። ጋሽ ዛኪር አንድ ጊዜ ጎርሰው አዩዋቸው። ስለ አጥሩ አነሡ፤ «እሺ» አሉ ነኢማ። ስለ ውሃው አነሡ፤ «እንዳሉ» አሉ። የጋሽ ዛኪር እጅ ወጥ እንደነካ ቆመ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው።

«ይሄ ወጥ» አሉ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጨው በዝቶበታል።»

ነኢማ ቀና አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጨው ነው ያልኩ! ይሄ ይበላል?»

«የኔ ወጥ? ሐሊም ስንት ዘመን የበላው ወጥ?» ከግድግዳው ተነሡ። ጉንጫቸው ቀላ። «ምላስዎ ነው የታመመው! እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ ዕድሜ ልክዎን የዓሣ ውሃ ሲያሸትቱ የኖሩ ሰው!»

ጋሽ ዛኪር ትከሻቸው ወረደ፤ መጉረስ ጀመሩ። ነኢማ ግን ወደ እኔ ዞሩ፤ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው።

«አንተ ክርስቲያኑ፣ እስኪ አንተ ፍረድ። በዝቷል?»

ጨዉ ልክ ነበር። ዓርብ ነው፤ ጾም ነው፤ ውሸት አይወራበትም። «ትንሽ በዝቷል» አልኩ።